መስኮት የሌለው ክፍል መጋረጃ

ሰኞ

ሬዲዮው የዘንድሮው የነፋስ ወቅት ከሌላው ጊዜ ይብሳል አለ። አንባቢው ድምፁ ለስላሳ ስለሆነ የሠርግ ጥሪ የሚያነብ ነው የሚመስለው። ቶርኔዶ የሚሉት የሚሽከረከር አውሎ ነፋስ ሊነሳ ስለሚችል እያንዳንዱ ቤተሰብ ከአሁኑ መጠለያውን ይምረጥ፤ ምድር ላይ ያለ፣ ከቤቱ መሃል የሆነ፣ ከመስኮት የራቀ ክፍል ይሁን አለ። የስፌት መኪናዬን አቁሜ ሰማሁት። መልሼ ስጀምር መርፌው ተሰበረ። ሌላ ቀየርኩ፣ እሱም ተሰበረ።

ይህ ደብተር የመጋረጃ ልኬት የምጽፍበት ነበር፣ ግማሹ ባዶ ነው። ጭንቀትሽን ወረቀት ላይ አውርጂው ያለኝ ባሌ ነው። እሱ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ሲነፋና ሲያስተነፍስ ስለሚውል የሰውም መድኃኒት ማስተንፈስ ይመስለዋል።

እንግዲህ ቤታችን ይህን ይመስላል። ፊት ለፊት ሳሎኑ አለ፣ የምሰፋውም እዚያው ነው፤ ሁለት ትልልቅ መስኮት አለው። በቀኝ የኔና የባሌ መኝታ ቤት፣ መስኮት አለው። በግራ አማቴና ትንሿ ልጄ የሚተኙበት፣ መስኮት አለው። ከኋላ ወጥ ቤቱ፣ እሱም መስኮት አለው። ስለዚህ መጠለያ የሚሆን ቦታ የለንም ማለት ነው። ነገ አስብበታለሁ።

ማክሰኞ

ፌንጣ ከትምህርት ቤት የአውሎ ነፋስ ትምህርት ተምራ መጣች። ፌንጣ የምንላት ትንሿ ልጄን ነው፤ ሳትዘል መሄድ አይሆንላትም። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ መሬት ላይ ተንበረከከች፣ ግንባሯን ግድግዳው ሥር ቀበረች፣ ሁለት እጇን ማጅራቷ ላይ አነባበረች። አማቴ ዓይናቸው ስለደከመ ልጅቷን ሆዷን የቆረጣት መስሏቸው ጮሁ።

ፌንጣ ተነሥታ አቧራዋን አራገፈችና፣ «የኛ መጠለያ የወንድሜ ክፍል ነው የሚሆነው። መሃል ነው፣ መስኮት የለውም» አለች።

ያ ክፍል አየር እንደሌለው አስረዳኋት። አየር የሌለው ክፍል ለመጠለያ አይሆንም። ባሌ ከሳህኑ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አቀረቀረ።

አዎ፣ ትናንት ሳልጽፈው ቀረሁ። ሁለቱ መኝታ ቤቶች መሃል አንድ ጠባብ ክፍል አለ፣ የትልቁ ልጄ ነው። አልጋው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይሞላዋል። ለሥራ ሌላ ከተማ ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፣ ሲሄድ ለሦስት ወር ብሎ ነበር። አንሶላውን በየሳምንቱ እቀይራለሁ። መንገድ ያደከመው ሰው የታፈነ አልጋ ላይ አይተኛም።

ሐሙስ፣ በሥራ መሃል

ሰው ሁሉ ወፍራም መጋረጃ ስፊልኝ ይላል። መስታወቱ ቢሰበር ይይዘዋል ብለው ነው። አይይዘውም፣ ጨርቅ ነው። ለአንዷ ደንበኛዬ ይህንኑ ብነግራት «አንቺ ብቻ ገበሩን ወፈር አድርጊው» አለችኝ። አወፈርኩላት። ከእሷ ወዲህ ለመጡት አልነገርኩም። አንዱ የኔን መጋረጃ ተማምኖ መስኮት ሥር ቢቀመጥስ?

ከነገ ጀምሮ ለሁሉም እነግራለሁ።

ሐሙስ ማታ

መላ ተገኘ። ከመንገዱ ማዶ ያለው መድኃኒት ቤት ካርቶን የሚከማችበት ምድር ቤት አለው። ባለቤቱን ሄጄ ለመንኩት። ደግ ሰው ነው፤ የማስጠንቀቂያው ሳይረን ሲጮህ ብቅ በሉ፣ ካለሁ እከፍታለሁ አለኝ። ለባሌ ስነግረው «ካለሁ» የምትለዋን ቃል ይዞ ቀረ። ከሌለስ? አማቴ በከዘራ መንገዱን እስኪያቋርጡ ነፋሱ ቆሞ ይጠብቃቸዋል? አለኝ። ስንት ሰዓት ሊፈጅ ነው፣ መንገድ ማቋረጥ እኮ ነው አልኩት። እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አለ። ለግድግዳው አልነበረም።

እኔ ደግሞ ምን ይዤ ነው የማልለቀው?

እሑድ

ጠዋት ሰማዩ ገና ሲዳምን አማቴ ተነሡና የቤቱን መስኮት ሁሉ ከፈቱ። እኔ ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ ዘጋሁ። ልጅ ሳሉ ትልቅ አውሎ ነፋስ አይተዋል። መስኮቱን የዘጋው ጎረቤት ቤቱ እንደ ፊኛ ፈነዳ፣ የከፈቱት እነሱ ተረፉ። ቤት እንደ ሰው ነው፣ መተንፈሻ ይፈልጋል ይላሉ። ልጃቸው ከማን እንደወረሰው ገባኝ።

ሬዲዮው ይህ ስሕተት ነው፣ የተከፈተ መስኮት ነፋሱን አስገብቶ ጣሪያ ያስነሳል እንጂ አያድንም፣ ሰውም መስኮት ለመክፈት ሲሮጥ መስታወት ይቆርጠዋል እንዳለ ነገርኳቸው። «ያኔ ሬዲዮው ተወልዷል?» አሉኝ።

ከዚያ በዳበሳ ወደ ልጄ ክፍል ገቡና መጋረጃውን ያዙ። «ይሄ ደግሞ መቼም ተከፍቶ አያውቅም» አሉ። ቶሎ ብዬ እጃቸውን ያዝኩና፣ እሱን ተዉት እማማ፣ እኔ እከፍተዋለሁ ብዬ አወጣኋቸው። ከኛ ጋር መኖር የጀመሩት ልጄ ከሄደ በኋላ ስለሆነ አያውቁም፤ ከመጋረጃው ኋላ መስኮት የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ትንሽ ሳለ የሁሉም ክፍል ዓይን አለው፣ የኔ ብቻ ዕውር ነው ብሎ አለቀሰብኝ። ከደንበኛ የተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ ነበረኝ። መጋረጃ ሰፋሁና ባዶው ግድግዳ ላይ ከነዘንጉ ከነማሰሪያው ሰቀልኩለት። ጠዋት ይገልጠዋል፣ ማታ ይዘጋዋል። ግድግዳውን አይቶ «እማ፣ ዛሬ ፀሐይ ነው» ይለኛል። አድጎ ጢም ካወጣ በኋላም አላነሣውም።

ባለፈው ሳምንት አጥቤ መልሼ ሰቅዬዋለሁ።

ማክሰኞ

ባሌ ከጋራዥ ሰፈር አሮጌ የሞተር ሳይክል ሄልሜቶች ይዞ መጣ። ጭንቅላት የሚመታ ነገር ነው ብዙውን ሰው የሚገድለው ብለውታል። የአማቴ ቀይ ነው። አናታቸው ላይ ስናደርግላቸው በእጃቸው ዳሰሱትና «ማን ሊነዳኝ ነው?» አሉ። ከነፋሱ ወሬ ወዲህ እንደዚያ የሳቅኩበት ቀን የለም።

በፌንጣ ትእዛዝ ሁላችንም ጫማችንን ከራስጌያችን አድርገን ነው የምንተኛው፤ መስታወት ላይ በባዶ እግር እንዳንረግጥ። ውኃ በጀሪካን ሞልተናል፣ የእጅ ባትሪ አለ። አማቴ ከነጫማቸው ይተኛሉ።

ሁሉም ነገር ተዘጋጅቷል። ግን እንቅልፍ የለኝም።

ረቡዕ

ሳይረን። ሄደን ተመለስን። ደህና ነን። ማታ እጽፈዋለሁ።

ረቡዕ ማታ

አሁን ልጻፈው። ሳይረኑ ሲጮህ ባሌ ሥራ ቦታው ነበር፤ እሱ የጭነት መኪና ሥር የሚገባበት በሲሚንቶ የተሠራ ጉድጓድ አለው፣ እዚያ ይገባል። እኔ አማቴን በክንዳቸው፣ ፌንጣን በእጇ ይዤ ወጣሁ። ደጅ ስንደርስ በረዶ መጣል ጀመረ። በረዶው ሄልሜታችን ላይ ሲንኳኳ እርስ በርስ መሰማማት አልቻልንም። መንገዱ መሃል ላይ የአማቴ ከዘራ አዳለጠና በጉልበታቸው ወደቁ። ነፋሱ የአንዱን ሱቅ ቆርቆሮ ከላያችን አሳልፎ ወረወረው። እንደ ምንም አንሥተናቸው መድኃኒት ቤቱ ጋ ደረስን።

ተቆልፏል። ሰውየው አልነበረም። ካለሁ ብሎኝ ነበር እኮ።

በሩን እየደበደብኩ ሳለ ፌንጣ ቀሚሴን ጎተተችኝ። «እማዬ፣ መምህሯ ከሁሉ የሚከፋው ውጭ መሆን ነው ብላለች።» የማይረባ መልስ መለስኩላት። ጎተትኳቸውና ተመለስን፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ሥር ገባን። ከፊታችን መስኮት ነበር፤ እያየሁት ቆየሁ።

ነፋሱ በሌላ በኩል አለፈ፣ ባዶ ማሳ ላይ ነው ያረፈው አሉ። የአማቴ ጉልበት አብጧል። በቀዝቃዛ ውኃ ሳሽላቸው ቀና ብለው ሳያዩኝ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ምን ለማለት ነው ብላቸው፣ ተረት ነው ልጄ፣ ዝም ብሎ አፌ ላይ መጣ አሉኝ።

ልጄንና አማቴን ሜዳ ላይ አስወጣኋቸው። እኔ ነኝ ያስወጣኋቸው።

ሐሙስ

መጋረጃ ላደርስ ስወጣ በባሌ ሥራ ቦታ በኩል አለፍኩ። ከጎማው ክምር ኋላ ስልክ እያወራ ነበር። «አይ፣ እስካሁን አልነካችውም . . . እኔ ስንቴ ልንገራት? አንተው ንገራት እንጂ። ካንተ ብትሰማው ይሻላል።» ማንን እንደሚያወራ አላወቅኩም። ደንበኛ ይሆናል። ጎማ ያስቀመጠ ደንበኛ።

ማታ ልጄ ደወለ። ትናንትን ሰምቶ ደንግጧል። ደህና ነን አልኩት። መቼ ትመጣለህ ስለው እንደ ወትሮው ድምፁ አጠረ። እናያለን አለ። ከዚያ «እማ፣ እኔ የምልሽ፣ አልጋውን እኮ . . .» ሲል መስመሩ መቆራረጥ ጀመረ። አይሰማኝም፣ አይሰማኝም ብዬ ዘጋሁት።

ፌንጣ አጠገቤ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። «ለኔ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር» አለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ደግሞም አልጋውን ለሌላ ሰው ስጡት እንዳለ ከአባቷ ሰምታለች፤ እዚያ አፓርታማ ተከራይቶ የራሱን ገዝቷል አለችኝ። ልጅ የሰማውን ሁሉ እውነት ይመስለዋል።

ቅዳሜ

ከደንበኛ ቤት ስመለስ ባሌ በልጄ ክፍል ወለል ላይ ተቀምጦ፣ ብሎን መፍቻ ይዞ፣ የአልጋውን አንድ ጎን ፈትቷል። ፍራሹ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። አንሶላው ተጠቅልሎ መሬት ላይ ወድቋል።

የተናገርኩትን አልጽፈውም። ልጄን ከቤቱ አባረርከው ማለቴን ብቻ እጽፋለሁ፣ እውነት እንዳልሆነ እያወቅኩ። አማቴ ክፍላቸው ሆነው ይሰማሉ። ፌንጣ ኮሪደሩ ላይ፣ በፍራሹና በግድግዳው መሃል ተሸጉጣለች። ባሌ ብሎን መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ልጁ በሕይወት ያለ ነው እኮ። ለምንድን ነው እንደ ሞተ ሰው ክፍል የምታደርጊው?» አለኝ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት ከተፍኩ። የምሠራው ወጥ አልነበረም።

እሑድ

ጠዋት ስነሣ አልጋው ተገጣጥሟል። ፍራሹ ተመልሷል፣ አንሶላውም ተነጥፏል። እሱ እንዳነጠፈው ያስታውቃል፣ ጠርዙ ተጣሟል። በሌሊት ነው የሠራው፣ ብሎኑ ሲፈታም ሲጠብቅም አልሰማሁም።

ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። አንሶላውን ላስተካክል እጄን ዘርግቼ መልሼ ተውኩት።

ሰኞ

ሬዲዮው ከሐሙስ ጀምሮ ተዘጋጁ አለ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ማታ ፌንጣ ከወንድሟ ክፍል ጠራችኝ። ሄልሜቷን አድርጋ አልጋው ሥር ገብታለች፤ እግሯ ብቻ ይታያል። ለሁሉም ቦታ አግኝቻለሁ አለችኝ። እሷ አልጋው ሥር። አያቷ ማጎንበስ ስለማይችሉ አልጋው ላይ፣ አንድ ትራስ አናታቸው ላይ ተደርጎ። አባቷ በሩ ላይ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ፤ ትልቅ ስለሆነ ችግር የለውም።

«እኔስ?» አልኳት።

እግሯ ተንቀሳቀሰ። ቆይታ «ላንቺ አጣሁልሽ» አለች። «አልጋው ባይኖር ግን አራታችንም ፍራሹን ከላይ አድርገን እንበቃ ነበር። ለክቼዋለሁ። በሜትርሽ ነው የለካሁት።»

የልኬት ሜትሬን ከአልጋው ሥር አውጥታ ሰጠችኝ። ነይ ውጪ፣ መሬቱ ብርድ ነው አልኳት።

ማክሰኞ

ባሌ ሥራ ከሄደ በኋላ ብሎን መፍቻውን ከመሳቢያው አወጣሁ።

ሥራው ከባድ አይደለም። እሱ ቅዳሜ የፈታው ጎን ቶሎ ለቀቀ፣ ሌላው ዝጎ ነበርና ዘይት አደረግሁበት። ከራስጌው ኋላ በሚስማር የተጫሩ መስመሮች አገኘሁ፤ ልጄ ቁመቱን ይለካ የነበረው እዚያ ነው። የመጨረሻው ከወገቤ በላይ ነው። ከዚያ በኋላ መለካት ሰለቸው ወይም ሌላ ቦታ አገኘ፣ አላውቅም። ተቀምጬ አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ የቀረውን ብሎን ፈታሁ።

አማቴ ከዘራቸውን ይዘው መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ምን እየሠራሽ ነው ሳይሉ፣ አንዱን ጫፍ ልያዝልሽ አሉ። አልጋ የሚይዙበት ጉልበት የላቸውም፣ ግን ያዙ። አጥሩ ሥር አስደግፈነው ተመለስን።

ፍራሹን መሬት ላይ ዘረጋሁት። ክፍሉ ሰፊ ሆኖ አገኘሁት፤ እንደዚያ ሰፊ መሆኑን ረስቼው ነበር። መጋረጃውን አልነካሁትም።

ባሌ ማታ ገብቶ አየ። እጁን ታጥቦ መጣና ምን እንብላ አለ። ከእራት በኋላ ያ ሁሉ ንግግሬ አፌ ላይ እየመጣ፣ ቅዳሜ ያልኩህን፣ ብዬ ጀመርኩ። «ተንፍሶ አልቋል» አለኝ።

ሐሙስ

ሙቀት። ነፋስ የለም፣ ቅጠል አይነቃነቅም። ወፎቹ ዝም ብለዋል። ሰማዩ የቆሸሸ አረንጓዴ። መጋረጃ ልትወስድ ለመጣችው ደንበኛዬ መስታወት አይይዝም፣ መስኮት ሥር እንዳትቀመጪ አልኳት። ታዲያ ለምን ሰፋሽልኝ አለችኝ። እውነቷን ነው።

ባሌን ዛሬ ሥራ ቅር አልኩት። ጎማው የተበሳበት ሰው ደግሞ በምን ይሽሽ ብሎ ሄደ።

ዓርብ

በሕይወት አለን። አራታችንም። ይህን ከላይ ልጻፈው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሳይረኑ ጮኸ። ፌንጣ እንደ ስሟ ዘላ ክፍሉ ውስጥ ገባች፤ ሄልሜት፣ ጫማ፣ ባትሪ፣ ሬዲዮ፣ ምንም አልረሳችም። እኔ አማቴን ላመጣ ሄድኩ። አልጋቸው ባዶ ነው።

ሳሎን አገኘኋቸው። አንደኛውን ትልቅ መስኮት ከፍተው ሁለተኛውን መቀርቀሪያ ይታገላሉ። ውጭው ጠቁሯል፣ የኮረኮንች መንገድ ላይ የሚመጣ ባቡር የሚመስል ድምፅ ይሰማል። መስታወቱ ወደ ውስጥ ይተነፍሳል፣ በዓይኔ አየሁት። እማማ ይምጡ አልኳቸው። አልሰሙኝም። በክንዳቸው ስጎትት መቀርቀሪያውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ልጆቹ ያልቁብናል» ይላሉ፣ «ቤቱ ይፈነዳል፣ ልቀቂኝ፣ አንዱ ሳይከፈት አይሆንም!» እንደዚያ ያለ ጉልበት ከየት እንዳመጡ አላውቅም። እሳቸውን ጥዬ ወደ ልጄ ልሂድ የሚል ሐሳብ ለአንድ አፍታ መጣብኝ። መጣብኝ፣ ልደብቀው አልችልም።

ከዚያ ጆሯቸው ሥር ጮኽኩ፦ «እማማ፣ የልጁ ክፍል መስኮት አልተከፈተም! ሰማያዊው! እሱን ረስተነዋል!»

ወዲያው ለቀቁ። «ብዬሽ ነበር» አሉ፣ «ብዬሽ ነበር እኮ፣ እሱ መቼም ተከፍቶ አያውቅም።» ከኔ ቀድመው ነው የሄዱት፣ ከዘራቸውን እንኳ ጥለው፣ ግድግዳውን እየዳበሱ። ክፍሉ ውስጥ ገብተን በሩን በጀርባዬ ዘጋሁት። በሩ ከመዘጋቱ ሳሎን ያለው መስታወት በሙሉ ወረደ። ድምፁ የብዙ ሰው ጭብጨባ ነው የሚመስለው።

ፌንጣ ፍራሹን አነሣችልን። አማቴ ግን አልተቀመጡም፤ ቆመው መጋረጃውን ይገልጣሉ። ገለጡት። እጃቸውን ወደ መቀርቀሪያው ሰደዱ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ባትሪው ፊታቸው ላይ ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ ነው» አሉ።

«አዎ እማማ» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ እጃቸው እዚያው ግድግዳው ላይ እንዳለ ቀስ ብለው ተቀመጡ። እኔ ላያቸው ላይ ተኛሁ፣ ፌንጣ ሥራችን ገባች፣ ፍራሹን ከላያችን ሳብን። ፍራሹ ልጄ ልጄ ይሸታል ብዬ ነበር የማስበው፤ የሸተተኝ የኔ ሳሙና ነው። ጣሪያው ሲነሣ ተሰማኝ። አቧራ አፋችንን ሞላው። አማቴ ቀይ ሄልሜታቸው ከኔ ጋር እየተጋጨ የልጃቸውን ስም ይጠሩ ነበር። እኔም ባሌን እያሰብኩ ነበር፤ ከጉድጓዱ ወጥቶ ወደኛ እንዳይሮጥ፣ እባክህ እንዳትሮጥ እያልኩ። ፌንጣ ከሥር በትምህርት ቤት ድምፅ «እጅ ማጅራት ላይ፣ እጅ ማጅራት ላይ» ትላለች።

ድምፁ ሄደ። ዝናብ ብቻ ቀረ። አንወጣም አልኩ፣ ሬዲዮው አለፈ እስኪል ቆየን። በሩን ስከፍት ሳሎኑ ውስጥ ሰማይ ይታያል። ባሌ በኋላ መጣ፣ ጥቁር ቅባት ከአናቱ እስከ እግሩ፣ ጫማ ያልነበረው አንድ እግሩ እየደማ። በሩ ላይ ቆሞ ቆጠረን። ደጋግሞ ቆጠረን። ከዚያ እዚያው በሩ ሥር ተቀመጠ።

እሑድ

ግማሹ ጣሪያ የለም። ሸራ ወጥረናል። የተበጠሱ የመብራት ገመዶች ስላሉ ፌንጣን ደጅ አላስወጣም። የስፌት መኪናዬ ግን ከመስታወቱ ክምር ሥር ደህና ወጣች። መጋረጃዎቼ የገቡበት አይታወቅም፤ አንዱን ከመንገዱ ማዶ የመብራት እንጨት ላይ አየሁት፣ ገበሩ አልለቀቀም።

አማቴ ከተከፈተው ሰማይ ሥር ተቀምጠው ለጎረቤት ሁሉ ይናገራሉ፤ ቤቱ የተረፈው መስኮቱ ሁሉ ስለተከፈተ ነው። ማንም አይከራከራቸውም። ለኔ ብቻ፣ ሰው ሲሄድ፣ «አታለልሽኝ አይደል?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። እጄን ያዝ አድርገው ለቀቁት።

ዛሬ ስልክ ተመለሰ። ልጄ ነው። ሦስት ቀን ሲሞክር ሰንብቶ ድምፁ ጠፍቷል። ደህና ነን፣ ሁላችንም ደህና ነን አልኩት፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

«የት ነበራችሁ?»

«አንተ ክፍል» አልኩት።

ሲተነፍስ ይሰማኛል። መስመሩ አልተቆራረጠም።

«መስኮቴስ ተሰበረ?» አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝና ሳቄ መጣ፣ ሳቁ ለቅሶ ሆነ፣ ባሌ ከወጥ ቤት ሮጦ መጣ። ከቤቱ መስኮት ሁሉ የተረፈው ያንተ ብቻ ነው አልኩት። እሱም ሳቀ። ከሄደ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አልሰማሁትም።

አልጋህን ግን ነፋስ ወስዶታል አልኩት። ራሴ ነኝ ፈትቼ ውጭ ያቆምኩት፣ አሁን የመድኃኒት ቤቱ ጣሪያ ላይ ነው።

«በቃ ስመጣ መሬት ላይ እተኛለኋ» አለ።

መቼ ብዬ አልጠየቅሁትም። አፌ ላይ ነበር፣ ዋጥኩት። ፍራሽህ አለ አልኩት፣ ጫማህን ብቻ አድርገህ ግባ፣ መስታወት አለ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ፍራሹን አውጥቼ አቧራውን መታሁና ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።